በቴሌቪዥኑ ጥግ የቆመው ሰው

እናቲቱ ጠዋት መብራት እንዳይጠፋ ስትለምን አረፈደች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐሳቧን ለወጠችና ምነው በጠፋ እያለች መለመን ጀመረች። ሁለቱንም ልመና የሰማ አምላክ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፤ እሷ ራሷ ግራ ገብቷት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ እሑድ በትልቁ ቴያትር ቤት የሚታየው የዘፈን ተውኔት በቀጥታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች ሲባል ደግሞ፣ በስክሪኑ ጥግ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ አንድ አስተርጓሚ ቆሞ ዘፈኑን በእጁ ይናገራል። ባሏ ሶፋ ሠሪ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም። አስተርጓሚው ደግሞ አንድያ ልጇ የምትወደው ሰው ነው። ባሏ ያ ሰው የቤቱን ደጃፍ እንዳይረግጥ ከልክሏል። ዛሬ በቴሌቪዥን በኩል ሳሎኑ መሐል እንደሚገባ ግን አልጠረጠረም።

ይህን ያቀደችው ልጅቷ ናት።

«አንድ ጊዜ ሲሠራ ይየው፣ እማዬ» አለች፣ የሳሎኑን መጋረጃ እየሰበሰበች። «ከዚያ በኋላ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ሁለተኛ አላነሳበትም።»

«እምቢ ካለስ ልጁ ምን ይሆናል?»

«ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል። በዚህ ሳምንት መልስ መስጠት አለበት። ይሄዳል።»

«አንቺስ?»

«እኔ አባዬ ያላለውን አላደርግም።»

ይህን ያለችው ሳታለቅስ፣ ድምፅዋም ሳይንቀጠቀጥ ነው። እናቲቱ ብትጮህባት፣ በሩን ብትወረውርባት በወደደች። የተረጋጋ ልጅ ያስፈራታል። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ደግሞ በሕይወቷ ያልፈራችው ነገር ስለሌለ፣ የሚደርስባት ሁሉ አስቀድማ የምታውቀው ይመስላት ነበር።

ያ ልጅ መጀመሪያ የመጣው መቀመጫው የተቀደደ ወንበር ተሸክሞ ነው። ሱቁ ውስጥ የደንበኞችን ቃል ተቀብላ ለአባቷ በእጅ የምታስተላልፈው ልጅቷ ነበረች። እሱ ግን ወንበሩን አስቀምጦ ራሱ በእጁ ሰላምታ ሲሰጥ፣ አባትየው መዶሻውን ጥሎ ደስ አለው። ሁለቱ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ ሲስቁ፣ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታስተላልፈው ነገር አጥታ ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ ልጁ አንዴ ስፖንጁን ልይ፣ አንዴ የጨርቁን ቀለም ልምረጥ እያለ ተመላለሰ። ወንበሩ አንድ ነው፤ ምልልሱ ግን ለአዳራሽ ሙሉ ወንበር ይበቃ ነበር። አባትየውም አልጠላውም፣ አንድ ቀን ሥራው ምን እንደሆነ እስከጠየቀው ድረስ።

አስተርጓሚ ነኝ ሲለው ፊቱ እንደ ሱቅ መዝጊያ ወረደ።

ምክንያት አለው። ከዓመታት በፊት ታሞ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አንድ አስተርጓሚ ተመድቦለት ነበር። ሐኪሙ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚውም አብሮት ሳቀ። ምን አለ ብሎ ቢጠይቅ፣ «ምንም አይደለም» አለው። ከበሽታው ይልቅ ያቺ «ምንም አይደለም» ጎዳችው። ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚዎችን «ሁለት አፍ ያላቸው» ይላቸዋል። በእጃቸው ከእኔ ጋር ያዝናሉ፣ በአፋቸው ከእነሱ ጋር ይስቃሉ፤ ልጄን ለእንዲህ ያለ ሰው አልሰጥም ብሎ ቁርጡን ተናግሯል።

ተውኔቱ ሊጀምር ሲል፣ ባሏም ቴሌቪዥኑ ፊት ሲቀመጥ፣ የእናቲቱ ታላቅ እህት ሳትጠራ መጣች። ከእህቷ ባል ጋር ይህን ያህል ዘመን ስትተዋወቅ የተማረችው ምልክት «ብላ» እና «ጎበዝ» የሚሉትን ብቻ ነው፤ በእነዚህ ሁለቱ ግን ሁሉንም ጉዳይ ትጨርሳለች።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ገረጣ?» አለች፣ ትልቁ ሶፋ ላይ እየተደላደለች።

«ምንም፣ እትዬ። ተቀመጪ ብቻ።»

«ተቀምጫለሁኮ። ከዚህ በላይ እንዴት ይቀመጣል?»

ቴሌቪዥኑ ላይ መጋረጃው ገና አልተከፈተም። ጥጉ ላይ ግን ትንሿ ሳጥን ብቅ አለች፤ ውስጧም ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ወጣት እጆቹን ፊት ለፊቱ አጣምሮ ቆሟል። ባሏ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለ፣ አተኩሮ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ልጅቷ፣ ቀጥሎም ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ታውቂ ነበር?» አላት በእጁ።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። መዋሸት አልቻለችበትም።

ባሏ ሶፋውን ተደግፎ ሊነሣ ጀመረ። አለቀ፣ አለች በልቧ። ሱቅ ይወርዳል፣ እስኪመሽ ሚስማር ይመታል፣ ልጄም በዚያች በተረጋጋች ድምፅዋ ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ደግሞም ገና ሙዚቃው ብቻ ነው የሚሰማው። ሙዚቃ ሲመጣ አስተርጓሚዎች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለች፤ «ሙዚቃ» የሚለውን ምልክት አንዴ ያሳዩና እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ባሏም ያኔ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል።

የሳጥኑ ሰው ግን እጁን አላጣጠፈም።

ከትከሻው ጀመረ። ከበሮው ሲመታ ትከሻው ጠበቅ ላላ፣ ጠበቅ ላላ አለ። ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ሁለት ጣቶቹን ደረቱ ላይ አስጠጋና የማይታይ ክር መዘዘ፤ በቀስታ፣ እንዳይበጠስበት እየሳሳ፣ ክንዱ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ። ዋሽንቱ ሲመጣ በዚያ በተወጠረው ክር ላይ አንዲት ጣቱ እየተሽከረከረች ወደ ላይ ወጣች። ዐይኑ ተከተላት፤ የእናቲቱም ዐይን ተከተላት፤ ከጣቱ በላይ ምንም እንደሌለ እያወቀች።

ባሏ ግማሽ እንደተነሣ፣ እጁ ሶፋው ላይ እንደተጫነ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ክር ሲመዝ የኖረ ሰው ነው። ክር እስከ ምን ያህል እንደሚወጠር፣ የት ላይ እንደሚበጠስ ጣቶቹ ያውቃሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሙዚቃው ነው።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ» አለችው።

ተመልሶ ተቀመጠ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ሊሄድ እንደተነሣ እንግዳ የሶፋው ጫፍ ላይ። ልጅቷ አላየችውም። እሷ የምታየው ትንሿን ሳጥን ብቻ ነበር፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲራመድ እንደሚታየው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ አዛውንት ቀዛፊ በጀልባ ሰው እያሻገረ ይኖራል። አንድ ወጣት ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ ይመጣል፤ የቀዛፊውንም ልጅ ይወዳል። ድልድዩ ያለቀ ቀን ጀልባው ሥራ ይፈታል።

«ሰማሽ፣» አለች እትዬ፣ «ድልድይ ሠሪም እኮ ድልድዩ ሲያልቅ ሥራ ይፈታል። ሁለት ሥራ ፈት ሊጋቡ ነው?»

«እባክሽ እትዬ፣ እንስማበት።»

«ስሚ እንጂ፣ ጆሮሽን ያዝኩት?»

የቀዛፊው ልጅ ብቻዋን ወጥታ መዝፈን ስትጀምር እትዬም ዝም አለች። ድምፅዋ ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር። እናቲቱ ዘፈኑን በጆሮዋ እየሰማች፣ ጥጉ ላይ ደግሞ በዐይኗ ታየው ጀመር። ልጁ ቃሉን በእጁ አይቆጥርም። ዘፋኟ አንድን ቃል ስታስረዝም እሱም ምልክቱን አየር ላይ ያቆየዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ እንደ ላባ ይለቀዋል። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ የእሱም ደረት ይነሣል። እናቲቱ በሕይወቷ ብዙ ዘፈን ሰምታለች። ዘፈን እንዲህ ያለ ቅርጽ እንዳለው ግን እስከዚያ ቀን አላወቀችም ነበር።

ባሏ ጉልበቷን ነካ አደረጋት።

«ስትሰሚ እንዲህ ነው የሚሰማሽ?»

«እንዲህ ነው።»

«ሬዲዮው ሲጮህም?»

«አዎ፣ ጥሩ ዘፈን ከሆነ።»

ባሏ በግርምት አያት፣ አብሯት የኖረውን ሰው ገና እንዳገኘ።

«ታዲያ እንዴት ቁጭ ብለሽ ሽንኩርት ትልጫለሽ?»

እውነትም፣ እንዴት አድርጋ ይሆን?

ተውኔቱ ወደ መሐሉ ሲደርስ አዳራሹ በድንገት በሳቅ ፈነዳ። ካሜራው በዚያች ቅጽበት የቀዛፊውን ልጅ ፊት ነበር የሚያሳየው፤ ከመድረኩ ሌላ ጎን ምን እንደተፈጠረ አይታይም። አንድ ሕፃን የጮኸው ብቻ ተሰማ። እትዬም ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እናቲቱም ሳታስበው ሳቀች።

ያኔ ባሏ ዞር ብሎ አያት። ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ሰው ሁሉ ስቆ እሱ ብቻውን ሲቀር የሚያያት ነው፤ ምን ሆኑ ብሎ መጠየቁ ራሱ የሚከብደው። እጇም በለመደችው መንገድ ከጭኗ ላይ ተነሣ። «ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» ልትለው ነበር። ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ስንቱንስ ሳትነግረው ቀርታለች።

እጇ ከግማሽ መንገድ ሳያልፍ፣ የሳጥኑ ሰው አስቀድሟት ተናገረ።

«የቀዛፊው ጢም በአንድ በኩል ተላቀቀ። በእጁ ይዞ ነው የሚዘፍነው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሕፃን ማስቲሽ አምጡለት እያለ ነው። ቀዛፊው ራሱ ሊስቅ ነው፣ እየታገለ ነው፤ አልቻለም፣ ሳቀ።»

ባሏም ሳቀ።

ያ ወፍራም፣ ከሆዱ የሚወጣ ሳቁ ከአዳራሹ ሳቅ ጋር አንድ ላይ ወጣ። እናቲቱ የራሷን ሳቅ አቋርጣ አየችው። ባሏ ይስቃል፤ ሳቂታ ሰው ነው። ግን ሁልጊዜ እሷ ከነገረችው በኋላ፣ ሌላው ስቆ ሲጨርስ፣ ብቻውን ነበር የሚስቀው። ከሰው ጋር እኩል ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብና እሱ፣ እኩል ጀምረው እኩል ጨረሱ። ዐይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ እትዬም ከሳቅ የመጣ እንባ መስሏት፣ «ወይ ጢም» እያለች ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አባቷን ነበር የምታየው። ሊሄድ እንደተነሣ እንግዳ ተቀምጦ የነበረው ሰው መሬት ወርዶ፣ ምንጣፉ ላይ ከስክሪኑ ጥግ አጠገብ፣ የአስተርጓሚውን ጣቶች በስንዝር ርቀት እያየ ተቀምጧል።

መጨረሻው ቀረበ። ድልድዩ አልቋል። ወጣቱ ከወዲያ ማዶ፣ የቀዛፊው ልጅ ከወዲህ ማዶ ቆመው በአንድ ላይ መዝፈን ጀመሩ። እናቲቱ አስተርጓሚው አሁን ምን ያደርግ ይሆን ብላ ሰጋችለት፤ ሁለት ሰው በአንድ አፍ እንዴት ይናገራል? ልጁ ግን ቀኝ እጁን ለወንዱ፣ ግራ እጁን ለሴቷ ሰጠ። ሁለቱ እጆች መጀመሪያ ተራርቀው ለየብቻ ተናገሩ። ከዚያ ዜማው ሲገጥም ገጠሙ፣ ሲለያይ ተለያዩ። ፊቱ ከሁለቱ መሐል፣ ሁለቱንም እንደሚያዳምጥ፣ ላብ ብቻ እያንጠባጠበ ቆሟል።

ድልድይ ሠሪው ወጣት ብቻውን ቀጠለ፦

«ወንዙ ስምሽን ጠየቀኝ፣
እንዳይወስድሽ ደበቅሁት፤
ዛሬ ግን ውሃው ይስማ፣
ድልድይ ላይ ቆሜ ጠራሁት።»

አስተርጓሚው የቀዛፊውን ልጅ ስም እስካሁን ሲጠራ፣ ከአገጩ ሥር ሻሽ እንደማሰር እያደረገ ነበር። መስማት በተሳናቸው ዘንድ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ የእጅ ስም አለው። አሁንም እጁ ወደ አገጩ ተነሣ። ግን አላረፈም። አልፎ ሄደ፣ ጉንጩን አልፎ፣ በአመልካች ጣቱ የግራ ቅንድቡን ወደ ላይ አነሣ።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች መተንፈስ አቆሙ።

ያ የልጅቷ ስም ነው። አባቷ የተወለደች ዕለት ሲታቀፋት፣ አንድ ቅንድቧን አንሥታ «አንተ ደግሞ ማነህ?» ብላ የጠየቀችው መስሎት ያወጣላት። ከቤታቸውና ከአባቷ ጓደኞች በቀር ማንም የማያውቀው፣ አባቷ ብቻ የሰጠው ስም፣ አገር እያየው ተጠራ። ልጁም ያደረገው የገባው በዚያችው ቅጽበት ነው። ፊቱ ደነገጠ፣ እጁ ግን አልቆመም፤ ዘፈኑ አይጠብቅምና ቀጠለ።

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች እትዬ። «ምን አለ? ማን ሞተ?»

ጠረጴዛው ላይ የባሏ ስልክ መብራቱ ብልጭ አለ። ጠፍቶ እንደገና ብልጭ አለ። አናጢው ወዳጁ ነው፤ «በቴሌቪዥን የተጠራችው ያንተዋ ናት?» ብሎ ጽፏል። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ። ቀጥሎ ሌላ። በከተማው ያሉ የባሏ ጓደኞች ሁሉ ይህን ተውኔት እያዩ ኖሯል።

ጉድ ፈላ፣ አለች እናቲቱ። ባሏ ከሁሉ በላይ የሚፈራው በሰው ፊት መቅለልን ነው። ተንበርክካ ትከሻውን ነካችው።

«ልጅ ነው» አለችው በጣቶቿ። «እጁ ስቶት ነው።»

ባሏ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ መለሰላት።

«ምላስ ይስታል። እጅ የለመደው ጋ ነው የሚሄደው።»

ይህ ቁጣ ይሁን ሌላ፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም። ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠውና ተውኔቱን እስከ መጨረሻው አየ።

አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብ የሳጥኑ ሰው ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ ጣቶቹን አየር ላይ አርገፈገፈ፤ የማይሰሙ ሰዎች ጭብጨባ እንዲህ ነው። ያኔ ሶፋ ሠሪው ከምንጣፉ ተነሣ። በመርፌ የተወጋጉ፣ የሻከሩ ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ፣ በገዛ ሳሎኑ መሐል፣ ለቴሌቪዥን አርገፈገፋቸው። ልጅቷ አነሣች። እናቲቱ አነሣች። እትዬም ምኑም ሳይገባት ሁለት እጇን ሰቀለች። ክፍሉ ውስጥ አንድም ድምፅ አልነበረም፤ እናቲቱ ግን እንደዚያ የደመቀ ጭብጨባ ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ ባሏ እጁን አወረደና ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ደውይለት።»

የልጁ ፊት ስልኩ ላይ ሲመጣ ገና ላቡ አልደረቀም። ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፎ እጆቹን ነፃ አወጣ። ከኋላው የመድረክ ልብስ የተሸከሙ ሰዎች ይተላለፋሉ። ያየው የልጅቷን ሳይሆን የአባቷን ፊት መሆኑን ሲያውቅ አንገቱን ሰበረ።

«ጥፋቴ ነው» አለ በእጁ። «ስሟን ሳላስፈቅድ በሰው ፊት የጠራሁት እኔ ነኝ። እሷ የለችበትም። የፈለጉትን ይበሉኝ።»

አባትየው እንዳልሰማ ሰው አለፈው።

«የጢሙን ነገር ለምን ነገርከኝ? ዘፈኑ ውስጥ የለም።»

ልጁ ግራ ተጋባ። «ሰዎቹ ይስቁ ነበር።»

«እና?»

«እርስዎም አብረዋቸው ነበሩ።»

የአባትየው እጆች ደረቱ ፊት ተነሥተው ቆዩ። ልጅቷ ስልኩን ወደ አባቷ ይበልጥ አስጠጋች። እናቲቱ ከባሏ ጀርባ ቆማ እነዚያን የቆሙ እጆች አየች፤ ከዚህ በፊት ቃል ጠፍቷቸው አይታቸው አታውቅም።

«ሳጥኗ ጠባብ ናት» አለ በመጨረሻ። «ጣቶችህ እየተቆረጡ አስቸገሩኝ። ሰፋ አድርጉት በላቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ልጄን ደግሞ ከሩቅ ነው የጠራሃት። እኔ ፊት ቆመህ ጥራት።»

ልጁ ለመመለስ እጁን አነሣ፣ አወረደ፣ እንደገና አነሣ። «መቼ ልምጣ?»

«አሁን የት ነህ?»

«ቴያትር ቤቱ ውስጥ።»

«እግር የለህም?»

ስክሪኑ ተናወጠ። አንዴ ጣሪያ፣ አንዴ ደረጃ፣ አንዴ የሰው ጫማ ታየና ጠፋ። አባትየው ልብሱ ላይ የተጣበቀውን የስፖንጅ ፍርፋሪ አራገፈና ንጹሕ ሸሚዝ ሊቀይር ወደ ጓዳ ገባ።

«ማን ነው የሚመጣው?» አለች እትዬ። «እናንተ ሰዎች፣ ሰው አይደለሁም እንዴ እኔ?»

ልጅቷ ሳሎኑ መሐል ቆማ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ፀጉሯን ትነካለች። እናቲቱ ደስታው ገና ሆዷ ውስጥ ቦታ ሳይዝ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ከቴያትር ቤቱ እስከዚህ ያለው መንገድ። አደባባዩ ጋ መኪና እንደ ጎርፍ ነው። እሑድ ደግሞ ሾፌሮቹ ያብዳሉ። እሱ ደግሞ ልቡ በአፉ እየወጣ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ ነው የሚመጣው።

«ደውይለት» አለች።

«እየሮጠ ነው፣ እማዬ። አያነሣም።»

«ጻፊለት እንግዲያ። አይሩጥ በይው። አደባባዩ ጋ ሲደርስ ቆሞ፣ አይቶ ይሻገር። እንጠብቀዋለን በይው።»

ልጅቷ ስልኩን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። እናቲቱ ግን መስኮቱ ጋ ደርሳለች። የገዛ ልጇ መንገድ ላይ በሆነች ቁጥር እንደምታደርገው፣ ከወዲያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ታይ ጀመር።